ፕሮፔለር ብቻውን አይጮኽም

የድሮን ጫጫታ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፕሮፔለሩ ነው። ገበያ ላይ «ድምፅ ይቀንሳል» እየተባለ የሚሸጠው ፕሮፔለር ነው፤ አምራቾች አዲስ ሞዴል ሲያወጡ ከሚኩራሩባቸው ነገሮች አንዱም የክንፉ ጫፍ አቆራረጥ ነው። ይህ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ፕሮፔለር ካልተሽከረከረ ድሮን አይጮኽም። ነገር ግን አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። የዚህ ምዕራፍ ክርክር፣ ጆሮ የሚበላው የድሮን ድምፅ በአብዛኛው የሚወለደው ፕሮፔለሩ አጠገቡ ካለ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው የሚል ነው። ያ ነገር ሞተሩን የተሸከመው ክንድ፣ ከሆዱ የተንጠለጠለው ካሜራ፣ የማረፊያ እግሩ፣ ጎረቤቱ የሆነው ሌላ ፕሮፔለር ወይም የሰው ቤት ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ፕሮፔለሩን ነጥሎ መለካትና ነጥሎ ማሻሻል የችግሩን ግማሽ ብቻ፣ በእኔ ግምት ቀላሉን ግማሽ፣ መያዝ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ የተለመደ ዓይነት ድሮን እንውሰድ። ክብደቱ 1.4 ኪሎ ግራም ነው፤ አራት ፕሮፔለሮች አሉት፤ የእያንዳንዱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 24 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሁለት ሁለት ክንፍ አላቸው። እንዲህ ያለው ድሮን ባለበት ሲያንዣብብ ፕሮፔለሮቹ በደቂቃ 5400 ጊዜ ገደማ ይዞራሉ፤ በሰከንድ 90 ዙር መሆኑ ነው። ክንፎቹ ሁለት ስለሆኑ በአንድ ቋሚ ነጥብ ላይ በሰከንድ 180 ጊዜ ክንፍ ያልፋል። 180 ኸርዝ የድሮኑ መሠረታዊ ድምፅ ነው። የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 68 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት አንድ አምስተኛው ነው። ይህችን አንድ አምስተኛ አንባቢ ልብ ይበላት፤ ቀጥሎ ያለው ሁሉ በዚህ ቀርፋፋነት ላይ የቆመ ነው።

ሶቪየታዊው የፊዚክስ ሰው ጉቲን እ.ኤ.አ. በ1936 የሚሽከረከር ፕሮፔለር የሚያወጣውን ድምፅ በሒሳብ አስቀመጠ። ሐሳቡ ሲቀል እንዲህ ነው፦ ክንፉ አየሩን የሚገፋው በማይለዋወጥ ኃይል ነው፤ ኃይሉ ባይለዋወጥም ቦታው ስለሚዞር ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው የግፊት መዋዠቅ ሆኖ ይደርሰዋል። የክንፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በብዙ ሲያንስ ግን ከክቡ አንድ ወገን የሚነሳው ሞገድና ከሌላው ወገን የሚነሳው አድማጩ ጋ ሲደርሱ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። የሚተርፈው ጥቂት ነው። በብዜቶቹ ላይ፣ ማለትም 360፣ 540 እና 720 ኸርዝ ላይ፣ የሚተርፈው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ከላይ ባስቀመጥነው ድሮን ሲሰላ እያንዳንዱ ብዜት ከቀደመው ከ20 ዴሲቤል በላይ ይወርዳል። 20 ዴሲቤል ወረደ ማለት የድምፁ ኃይል ወደ አንድ መቶኛ ተቀነሰ ማለት ነው። የሰው ጆሮ በበኩሉ ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው። መለኪያዎች የጆሮን ባሕርይ እንዲከተሉ በሚሠራበት ሚዛን 180 ኸርዝ ላይ 12 ዴሲቤል ገደማ ይቀነሳል፤ ከ1000 እስከ 4000 ኸርዝ ባለው ክልል ግን አይቀነስም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይጨመራል። እንግዲህ በረጋ አየር ውስጥ፣ አጠገቡ ምንም ሳይኖር የሚሽከረከር ፕሮፔለር ከአንድ ዝቅተኛ እምምታና ከክንፉ የኋላ ጠርዝ ከሚወጣ ሽውታ በቀር ብዙ ሊያሰማ አይገባም ነበር። የእውነተኛ ድሮን ድምፅ ተቀድቶ በድግግሞሽ በድግግሞሹ ሲተነተን የሚታየው ግን ሌላ ነው፤ የ180 ብዜቶች ተደርድረው እስከ ሺዎች ኸርዝ ድረስ ይዘልቃሉ። ጉቲን ያላስቀመጠው ይህ ትርፍ ድምፅ አንድ ቦታ መነሻ አለው።

መነሻውን ለማግኘት ክንፉ በክንዱ ላይ የሚያልፍባትን ቅጽበት ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከማዕከሉ 9 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ክንፉ በሰከንድ 51 ሜትር ይሄዳል። እዚያ ጋ የክንፉ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር፣ የክንዱ ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ አልፎ የሚጨርሰው በ0.9 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቀጣዩ ክንፍ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ግን 5.6 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። ከክንፉ ሥር ያለው ከፍተኛ ግፊት ክንዱን ይደቁሰዋል፤ ክንዱም ወደ ታች የሚወርደውን አየር መንገድ ስለሚዘጋበት አየሩ ከክንዱ በላይ ይታገዳል፣ የክንፉም ጭነት ለቅጽበት ከፍ ብሎ ይመለሳል። ለስላሳ የነበረው ኃይል ጉብታ አወጣ ማለት ነው። አጭርና ሹል ግፊት በየጊዜው ሲደጋገም ጉልበቱን በብዙ ብዜቶች ላይ ይበትናል፤ በሁለት ክንፎች መካከል ካለው ጊዜ አንድ ስድስተኛውን ብቻ የሚቆይ ግፊት እስከ 1000 ኸርዝ አካባቢ ድረስ ጠንካራ ብዜቶች ይኖሩታል። የሚብሰው ደግሞ የቦታው ጉዳይ ነው። ጉብታው ሁልጊዜ የሚነሳው ክንዱ ባለበት በአንድ ቦታ ስለሆነ፣ የጉቲንን ድምፅ ያዳከመው መሰራረዝ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ከጭነቱ ጥቂቷ እጅ ብቻ ብትዋዥቅ እንኳ ከፍ ባሉት ብዜቶች ላይ የምታወጣው ድምፅ ከቋሚው ጭነት ድምፅ በብዙ ይበልጣል። ክንዱም የተቀበለውን ምት ዝም ብሎ አይውጠውም። ከርል የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳሳየው፣ የማይንቀሳቀስ አካልም ቢሆን አየር በላዩ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከተዋዠቀ ራሱ የድምፅ ምንጭ ይሆናል። ክንዱ መንቀጥቀጥ እንኳ አያስፈልገውም።

ይህ በወረቀት የቀረ ስሌት አይደለም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው የናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል ዛዎድኒና ቦይድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባቀረቡት ጥናት ከአንድ አነስተኛ ፕሮፔለር አጠገብ የድሮን ክንድን የሚወክሉ ቀላል ቅርጾችን እያስቀመጡ፣ በመካከል ያለውንም ርቀት እየለዋወጡ ድምፁን ለኩ። ክንዱ ሲቀርብ የብዜቶቹ ድምፅ ከፍ አለ፣ ሲርቅ ወረደ። ከልኬቱ ጎን ለጎን የሠሩት የኮምፒውተር ስሌት ደግሞ ድምፁ ከክንፉ ብቻ ሳይሆን ከክንዱ ገጽም ጭምር እንደሚነሳ አሳየ። ፕሮፔለሩን ብቻ ሲከስ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ግኝት አይደለም፤ ክንዱም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

እዚህ ላይ ከመሐንዲሶች በኩል የሚመጣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ክንድ የሌለው ድሮን የለም፤ ሞተሩን የሚሸከም ነገር ያስፈልጋል፤ ታዲያ ክንዱን መውቀስ ምን ይረባል? ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ሁሉም ክንድ እኩል ቢጮኽ ነበር። እኩል አይጮኹም። ክንዱ ከፕሮፔለሩ በታች ሲሆን ሁለቱን የሚያገናኛቸው በዋናነት የግፊት መስካቸው ነው፤ ይህ መስክ ደግሞ ከርቀት ጋር በፍጥነት ይሟሽሻል። በጥቂት ሴንቲ ሜትር ማራራቅ፣ ክብደት ሳይጨምሩ ማለት ይቻላል፣ ከፍ ያሉትን ብዜቶች ይቆርጣል። ክንዱ ከፕሮፔለሩ በላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ ታች የሚሳበው አየር በክንዱ ዙሪያ ካለፈ በኋላ ከሥሩ የደከመና የተናወጠ አየር ትቶ ይሄዳል፤ ክንፉ በየዙሩ ያንን የደከመ አየር ይቆርጠዋል። ይህ አየር ከግፊት መስኩ ይልቅ ረጅም ርቀት ሳይጠፋ ይቆያል፤ ስለዚህ ማራራቁ ያን ያህል አያድንም። በትልቁ ዓለም ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የጣሊያኑ ፒያጆ አቫንቲ አውሮፕላን ነው። ፕሮፔለሮቹ ከክንፉ በኋላ ስለተተከሉ ከዋናው ክንፍ የሚመጣውን የተረበሸ አየርና የሞተሩን ጭስ እየቆረጡ ይዞራሉ፤ አውሮፕላኑም ከሩቅ የሚለይ ለየት ያለ ጩኸት አለው።

ይሁን እንጂ ፕሮፔለሩን ከክንዱ ሥር የሚያስቀምጡ ንድፎች ያለ ምክንያት አልመጡም። ያ የ1.4 ኪሎ ግራም ድሮን ሲያንዣብብ አየሩ በፕሮፔለሩ መሐል በሰከንድ 5.6 ሜትር ገደማ ያልፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ግን እስከ 11 ሜትር ይፈጥናል። ከታች ያለ ክንድ የሚመታው ፈጣኑ አየር ነው፤ ድሮኑን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ባትሪም ይበላል። ከላይ ያለ ክንድ የሚያገኘው ዘገምተኛውን ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የበረራ ጊዜንና ጸጥታን ማመዛዘን ግድ ይሆንበታል። ለእኔ እንደሚታየኝ በዚህ ሚዛን ላይ ጸጥታው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ዋጋው ስለማይታይ ነው፤ የበረራ ደቂቃ በሳጥኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ የብዜቶቹ ቁመት ግን የትም አይጻፍም። ያም ሆኖ ሁለቱንም የሚያስታርቅ መንገድ አለ፤ እሱም ቅርጽ ነው። ክንዱ ቀጭን ሲሆን የሚዘጋው አየር ያንሳል። አቅጣጫው ከማዕከሉ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ዘመም ሲል ደግሞ ክንፉ መላ ክንዱን በአንድ ቅጽበት አያገኘውም፤ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ጫፉ እየተንሸራተተ ያልፈዋል። ጉብታው በጊዜ ሲዘረጋ ሹልነቱን ያጣል፣ ከፍተኞቹ ብዜቶችም ይሟሽሻሉ።

ይህን ትምህርት የአውሮፕላን ሞተር ሠሪዎች ከስድሳ ዓመት በፊት ከፍለውበታል። የመጀመሪያዎቹ የፋን ሞተሮች ከፋኑ ፊት የአየር መሪ ቋሚ ክንፎች ነበሯቸው፤ የሚሽከረከረው ፋን የእነዚያን ቋሚ ክንፎች የደከመ አየር በየዙሩ እየቆረጠ ያፏጭ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ የተረከባቸው ቦይንግ 720ቢ አውሮፕላኖች ይበሩበት የነበረው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄቲ3ዲ ሞተር ከዚህ ወገን ነው። በዚያው ዓመት የዚሁ ድርጅት ባለሙያዎች የነበሩት ታይለርና ሶፍሪን የሚሽከረከሩና የቆሙ ክንፎች ሲገናኙ የትኛው ድምፅ ወደ ውጭ እንደሚወጣ፣ የትኛውስ ቱቦው ውስጥ እንደሚቀር የሚያሳይ ሥራ አሳተሙ። ለቦይንግ 747 የተሠራው ጄቲ9ዲ ሲመጣ የፊቶቹ ቋሚ ክንፎች ጠፉ። የድሮን ኢንዱስትሪ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ማግኘት ሲችል ከዜሮ መጀመሩ ትንሽ ይገርማል፤ ምናልባት ድሮን ሠሪዎቹ ከአቪዬሽን ይልቅ ከኤሌክትሮኒክስ ሰፈር የመጡ ስለሆኑ ይሆናል።

እስካሁን ያልነው ድሮኑ ይዞት ስለሚሄደው አካል ነው። ከድሮኑ ውጭ ያለው ግንባታ፣ ግድግዳው፣ መሬቱና ጣሪያው፣ በሁለት መንገድ ይገባል፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የታወቀው ነው። ጠንካራ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳል። ከግድግዳው ጥግ የቆመ ጆሮ ቀጥታ የመጣውንና የተመለሰውን ሞገድ ደርቦ ይሰማል፤ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ራቅ ሲል ሁለቱ ሞገዶች እንደየርቀታቸው አንዳንዱን ድግግሞሽ ያጎላሉ፣ ሌላውን ይሰርዛሉ። የ180 ኸርዝ ሞገድ 1.9 ሜትር ርዝመት ስላለው ድሮኑ በግማሽ ሜትር ጠጋ ራቅ ሲል የሚጎላውና የሚጠፋው ድምፅ ይቀያየራል። በሕንፃዎች መካከል ባለ ግቢ ሰርግ የሚቀርጽ ድሮን ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚወዛወዘው በከፊል ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ ግድግዳው ያለውን ድምፅ ያከፋፍላል እንጂ አዲስ ድምፅ አይፈጥርም።

ሁለተኛው መንገድ አየሩን ራሱን ይነካል፤ አዲስ ድምፅም ይፈጥራል። ድሮኑ ወደ ታች የሚገፋው አየር መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይነጠፋል፤ ግድግዳ ሲያገኝ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ ፕሮፔለሩ ስለሚስበው ተመልሶ ይገባል። የተመለሰው አየር የተናወጠ ነው። ክንፉ በአንድ ዙር ውስጥ አንዴ ፈጣን አንዴ ዘገምተኛ አየር ሲያገኝ ጭነቱ ይዋዥቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከክንዱ ጋር ያየነው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ጉብታው በአንድ ቦታ ተተክሎ አለመቆየቱ ነው። ተጠራጣሪ አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የገደል ማሚቶው ቢሆንስ? አየሩን ከማሚቶው በምን ለያችሁት?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም ከጥያቄው ይበልጥ ያማረ ነው። ስቲፈንሰን፣ ዋይትስማንና ዛዎድኒ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙት ጥናት የተደረገው ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የሚመለስ ድምፅ የለም ማለት ይቻላል፤ አየሩ ግን መውጫ የለውም። ፕሮፔለሩ ሲነሳ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ድምፁ ንጹሕ ነበር። አየሩ ክፍሉን ዞሮ ሲመለስ ግን ከፍተኞቹ ብዜቶች ጎልተው ወጡ፤ መሠረታዊው ድምፅ ያን ያህል አልተነካም። ማሚቶ በሌለበት ክፍል ውስጥ ድምፅ ከጨመረ፣ የጨመረው የተመለሰው አየር ነው። ጥናቱ ለሌሎች ተመራማሪዎችም ደስ የማይል ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በዝግ ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ የተቀዳ የፕሮፔለር ድምፅ ከፕሮፔለሩ ጋር የክፍሉንም ድምፅ ይዟል።

ድሮን ጊዜውን በአብዛኛው የሚያሳልፈው ከፍ ብሎ፣ ከሕንፃ ርቆ ነው የሚል ሌላ ተቃውሞ ይነሳል። ለፎቶ ድሮን ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ክንዱ ግን አብሮት ይበራል። ዕቃ ለሚያደርስ ድሮን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሥራው የሚጠናቀቀው በሰው ደጅ ነው። ዊንግ የተባለው የአልፋቤት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያ ካንቤራ፣ ቦናይተን በተባለ ሰፈር ሙከራ ሲያደርግ ነዋሪዎች በጩኸቱ አማረሩ። ኩባንያው በኋላ ድምፁ ዝቅ ያለና ለስለስ ያለ ፕሮፔለር ሠራ፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ግን ዕቃውን በገመድ ለማውረድ ድሮኑ ግቢ ላይ የሚያንዣብበው ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ፣ በቤትና በአጥር መካከል ነው። ሰው በቅርብ የሚሰማውም ያን ጊዜ ነው። የድምፁ ባሕርይ ለምን እንደሚያስመርር የናሳዎቹ ክርስቲያንና ካቤል እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ፍንጭ ሰጥተዋል፤ አድማጮች የድሮንና የመንገድ ተሽከርካሪ ድምፆችን እንዲመዝኑ ሲያደርጉ፣ ድሮኑ እኩል እንዲያናድድ ከተሽከርካሪው በ5.6 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ማለት ነበረበት። ጥናቱ ምክንያቱን አልቆረጠም። እኔ ግን በሺዎች ኸርዝ ላይ ተደርድረው የሚቆሙትና በንፋስ የሚዋዥቁት ብዜቶች እጃቸው አለበት ብዬ አምናለሁ።

በፕሮፔለሩ ዙሪያ ቀለበት ማድረግ ድምፁን ያፍናል ብለው የሚያምኑም አሉ። ቀለበቱ ጣትን ከመቆረጥ ያድናል፤ ጫፉ ላይ ያለው ክፍተት በጣም ጠባብና እኩል ሆኖ ከተሠራም ሊያግዝ ይችላል። ተራው የፕላስቲክ መከላከያ ግን ቀለበቱን የሚይዙ ዘንጎች አሉት፤ እያንዳንዱ ዘንግ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ክንድ ነው።

የመለኪያ ሕጉ እነዚህን ነገሮች ምን ያህል ይዟል? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ 945 አነስተኛ ድሮኖች የሚያወጡት የድምፅ ኃይል ተወስኗል፤ ከ900 ግራም በታች ለሆኑት መነሻው 85 ዴሲቤል ነበር፣ በኋላም በደረጃ ወደ 83 እና ወደ 81 እንዲወርድ ተደርጓል። የደንቡ ትልቁ ጥንካሬ የሚለካው ፕሮፔለሩ ሳይሆን ሙሉው ድሮን መሆኑ ነው፤ ተለጣፊ ዕቃዎች ካሉትም ከነእነሱና ያለእነሱ እንዲለካ ያዛል። እንግዲህ ሕግ አውጪዎቹ ካሜራና መከላከያ ድምፅ እንደሚቀይሩ አውቀዋል ማለት ነው። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ድሮኑ የሚለካው ከጠንካራ ወለል ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ሲያንዣብብ ነው። ለ24 ሴንቲ ሜትር ፕሮፔለር ይህ ከፍታ በማንሳት ኃይሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ከአራቱ ፕሮፔለሮች የወረደው አየር ወለሉ ላይ ተጋጭቶ በመካከላቸው ሽቅብ ይመለሳል፣ የድሮኑንም ሆድ ይነካል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚወጣው አንድ ቁጥር ነው፤ በመሠረታዊው እምምታና በሚያፏጩት ብዜቶች መካከል ያለው ክፍፍል በዚያ ቁጥር ውስጥ ይጠፋል። 81 ዴሲቤል የተጻፈባቸው ሁለት ድሮኖች አንዱ ቀጭን ዘመም ያለ ክንድ፣ ሌላው ወፍራምና ለፕሮፔለሩ የቀረበ ክንድ ኖሯቸው፣ በረንዳ አጠገብ ሲያንዣብቡ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊያሰሙ ይችላሉ። አምራቹ ከአንዱ ቁጥር ጎን የብዜቶቹን ቁመት፣ በክፍት ሜዳና ከግድግዳ አንድ ሜትር ርቆ ሲለካ፣ እንዲያትም ቢገደድ የክንዱ ቅርጽ በአንድ የሞዴል ዘመን ውስጥ ይለወጥ ነበር፤ ለመለካት የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ደንቡ አሁን ለሚያዘው ፈተና ከሚያስፈልጉት የተለዩ አይደሉም።